ከልደታ እስከ ዴይራ

ግንቦት 1 ቀን ልደታ ናት። እኛ ዘንድ በዓሉም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ሰፈሩም ስማቸው አንድ ነው። በዚያች ዕለት የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ከየፎቃችን ወርደን በብሎኮቹ መካከል ቄጠማ ጎዝጉዘን ቡና እናፈላለን። ንፍሮው ደጅ ይቀርባል፤ ዳቦው ደጅ ይቆረሳል፤ ሁሉም እዚያው ይበላል እንጂ ወደ ቤት አይገባም። ድሮ አሮጌው ሰፈር ሳለን እንዲህ ነበር፤ ሰፈሩ ፈርሶ ፎቅ ሲሠራም ልማዱን አልተውነውም።

ዓምና በዚያች ዕለት ክብ ሠርተን ከተቀመጥነው እናቶች መካከል አብዛኞቻችን ስልካችንን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጠን ነበር። ከባሕር ማዶ የሚደውል ልጅ አለና። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ አንዲት ጎረቤቴ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ልጄ ሥራውን ለቅቄ ዱባይ ልሂድ እያለኝ ነው። ያንቺ ልጅ እዚያ አይደለች? ለመሆኑ ደመወዟ ስንት ነው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የእኔም የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። መልሱን በአንድ ሲኒ ቡና መጨረስ አልቻልኩም። ስለዚህ እንደ እኔና እንደ እሷ ላሉ ወላጆችና አያቶች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ያየሁትን ጻፍኩት።

እንግዳ ባለሙያ ለልደታ አዲስ አይደለም

ልደታ ከጥንትም ሰው የሚመጣባትና የሚሄድባት ሰፈር ናት። ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት ከምንለው አካባቢ የነበረው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ ቤት ነው። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በመብረር ሥራ ሲጀምር ቦሌ ገና አልታሰበም። የጄት አውሮፕላኖች ሊመጡ ሲሉ የልደታ ማኮብኮቢያ አጠረ፤ ቦሌም በዚህ ምክንያት ተሠራ። በ1965 ዓ.ም. አየር መንገዱ እስከ ሻንጋይ ድረስ መብረር ጀመረ። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ።

የሒሳብ መምህራችን ሕንዳዊ ነበሩ። የእኔ ዕድሜ እኩዮች ይህን ሲያነቡ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ፤ በዚያ ዘመን ሕንዳዊ መምህር ያላስተማረው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። ብዙዎቹ ኬረላ ከሚባለው የደቡብ ሕንድ ግዛት በውል ተቀጥረው የመጡ ነበሩ። የእኛ መምህር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቡናማ ኮት ይለብሳሉ። በዕረፍት ሰዓት ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ስስ ሰማያዊ ወረቀት ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ደጋግመው ያነባሉ። ከወር ወር ገንዘብ ይልኩ እንደነበርም ሰምተናል። እኛ ግን አነጋገራቸውን እየቀዳን ከመሳቅ በቀር፣ እኚህ ሰው እናት ይኖሯቸው ይሆን ብለን አስበን አናውቅም። በእሳቸው ትምህርት የተነሳ እኔም የሒሳብ መምህርት ሆኜ 36 ዓመት አስተማርኩ።

ባልቻ ሆስፒታልም እዚሁ ልደታ ነው፤ የሩስያ ሐኪሞች ያከሙት የሰፈራችን ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። በቅርቡ ደግሞ ቻይናዎቹ መጡ። ከደጃችን የሚያልፈውን ቀላል ባቡር ሠርተው መስከረም 2008 ዓ.ም. ሲያስጀምሩ፣ የሼንዘን ሜትሮ ባለሙያዎችም የእኛን ልጆች እያሠለጠኑ ባቡሩን አብረው አንቀሳቅሰዋል። ሁለቱ መስመሮች ከመስቀል አደባባይ አካባቢ አንድ ሐዲድ ላይ መጥተው የሚለያዩት እኛው ልደታ ላይ ነው። አንዱ ወደ አብነትና ወደ መርካቶ ይወጣል፤ ሌላው ወደ ጦር ኃይሎች ይሄዳል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው በሙያው አገር ለቅቆ መሄዱ ከሰው የተለየ ዕጣ ተደርጎ እንዳይታይ ነው። እስያ ባለሙያዎቿን ስትልክልን ኖራለች። አሁን ተራው የእኛ ልጆች ሆኗል።

የዲግሪው ማኅተሞች

የመጨረሻ ልጄ ሒሳብ አያያዝ የተማረችው በእግር በሚደረስበት ኮሜርስ ነው። ተመርቃ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት ሠራች። ሥራዋን ትወደው ነበር። ደመወዟ ግን የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚተርፍ ስላልነበረ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። 2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ አንድ ምሽት እራት እየበላን፣ «እማ፣ ዱባይ ሄጄ ሥራ ልፈልግ ነው» አለች።

አባቷ እንጀራውን እንደያዘ ቀረ። እኔ ወዲያው በአእምሮዬ የመጣው በዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥረው ሄደው ብዙ መከራ ያዩት የሰፈራችን ልጆች ነበሩ። እሷ ግን የምትሄደው በሙያዋ ለመቀጠር እንደሆነ አስረዳችን። «የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። አንድ ዕድል ልሞክር። ካልሆነ እመለሳለሁ» አለች። ይህችን «ካልሆነ እመለሳለሁ» የምትለዋን ቃል ያኔ ልብ አላልኳትም።

ሁለት ወር ሙሉ የሰነድ ሥራ ነበር። ዲግሪ ብቻውን ድንበር አይሻገርም። መጀመሪያ እዚህ በትምህርት በኩል ትክክለኛነቱ ይረጋገጣል፤ ከዚያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ያርፍበታል፤ ቀጥሎ አዲስ አበባ ያለው የኤምሬትስ ኤምባሲ ያጸድቀዋል፤ እዚያ ሲደረስ ደግሞ የእነሱ ውጭ ጉዳይ የመጨረሻውን ያደርጋል። ልጄ ይህን ሁሉ ጨርሳ ነው የሄደችው። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ሥራ አግኝተው ዲግሪያቸው ባለመረጋገጡ ወረቀቱን ወደ አዲስ አበባ መልሰው ሲያስሮጡ ቀጣሪው ሌላ ሰው የተካባቸው ልጆች ነበሩ። ለነርሶችና ለሌሎች የጤና ባለሙያዎች መንገዱ ከዚህም ይረዝማል፤ ዱባይ ውስጥ ለመሥራት የከተማዋ ጤና ባለሥልጣን የሚሰጠው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለዚያም የትምህርትና የሥራ ማስረጃው ከምንጩ ይጣራል፣ ፈተናም አለ።

የተቀረው ገንዘብ ነበር። ዕቁቤን ቀድሜ እንድወስድ ሰብሳቢውን ለመንኩ። ከእሷ ቁጠባ ጋር ተደምሮ ለደርሶ መልስ ቲኬት፣ ለ60 ቀን ቪዚት ቪዛና ለሁለት ወር ተኩል ያህል መኖሪያ ሆነ። ጥር ላይ ሸኘናት።

«ሥራ አገኘሽ?»

ዱባይ በሰዓት ከእኛ በአንድ ትቀድማለች። ዋትሳፕ በጽሑፍ ይሠራል፤ ድምፁ ግን እዚያ ስለማይፈቀድ ቦቲም የሚባለውን ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። በየምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። እሷ ዘንድ አራት ሰዓት ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ «ሥራ አገኘሽ?»

የመጀመሪያው ሳምንት «ገና ነው እማ» ትላለች ድምፅዋ ደስ ብሎት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ «ገና» ብቻ ሆነ። በየቀኑ ሲቪዋን ትልካለች፣ በየቢሮው ትዞራለች። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቋት በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠራችበት ልምድ እንዳላት ነበር። ለአንድ ቦታ ሕንዱም፣ ፓኪስታኑም፣ ፊሊፒኑም፣ ግብፁም ይወዳደራል፤ ከኤምሬትስ ነዋሪዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ግድም የውጭ ሰው ነው። እኔ ግን ይህን አላውቅም። እኔ የማውቀው ዕቁቡን፣ ጎረቤቱንና የሰውን አፍ ነው። «ልጅሽ ሥራ ያዘች?» ይሉኛል፤ እኔም ማታ ጥያቄውን ወደ እሷ አሻግረዋለሁ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ሥራ እንዳገኘች ነገረችኝ። ሰውዬው ነገ ጀምሪ ብሏታል፤ የመኖሪያ ቪዛውን በአንድ ወር ውስጥ እጨርሳለሁ ብሏል፤ ለቪዛው ግን የተወሰነ ገንዘብ እንድታዋጣ ጠይቋል። «አላማረኝም እማ። ወረቀት የለውም» አለች። እኔ ምን አልኩ? «ያገኘሽውን ያዢ። ሰው ሥራ እየለመነ አንቺ ታማርጫለሽ?» አልኳት።

በማግስቱ «ጀመርኩ» አለችኝ። እኔም በዕለቱ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረስኩ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ስደውል ስለ ሥራው ብዙ አታወራም። ደክሟት ነው አልኩ። ሚያዝያ ላይ ግን በድንገት፣ «ሌላ የተሻለ ቦታ ገባሁ፤ ውሌ ተመዝግቧል፤ ኤምሬትስ አይዲ ይወጣልኛል» ስትል ድምፅዋ የቀድሞው ድምፅ ሆነ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ነገሩን ዘጋሁት።

ዴይራ

በተከታዩ ዓመት ኅዳር ላይ ቲኬት ልካ አስመጣችኝ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቡናና ዳቦ ቆሎ ይዤ ከቦሌ ተነሳሁ። በረራው አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና ከመሄድ ያንሳል። ይህን ሳስብ ልጄ ሩቅ ነው የሄደችው እያልኩ ያለቀስኩትን አስታወስኩ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው በሜትሮ ወሰደችኝ። ባቡሩ ሾፌር የለውም፤ ከ2002 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ እንዲሁ በራሱ ይሄዳል። ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ክፍል አለው፤ ወንድ ከገባበት ይቀጣል። እኔ ከልደታ ባቡር ለምጄ፣ ቁጭ እንዳልኩ ዳቦ ቆሎዬን ከቦርሳ አወጣሁ። ልጄ እጄን ቀጨም አደረገችው። «እማ! እዚህ ውስጥ መብላት 100 ድርሃም ያስቀጣል!» አጠገባችን የተቀመጠች አንዲት ፊሊፒናዊት ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

አል ሪጋ ወርደን ወደ ዴይራ ገባን። ዴይራ የዱባይ አሮጌው ክፍል ነው፤ በቴሌቪዥን የምናየው የሰማይ ጠቀሱ ፎቅ ሰፈር አይደለም። የወርቅ ሱቁ፣ የቅመማ ቅመሙ ገበያ፣ የጅምላ ነጋዴው፣ ሁሉም እዚያ ነው። መርካቶን የሚያውቅ ሰው አይደናገረውም። በየመንገዱ አማርኛ ይሰማል። የሐበሻ ምግብ ቤት ገብተን እንጀራ በላን፤ ከጎናችን ሁለት ወጣት ሴቶች ተቀምጠው ነበር። በሰው ቤት የሚሠሩ፣ የዕረፍት ቀናቸውን ያገኙ ልጆች ናቸው። እኔን ሲያዩ ተነሥተው ሳሙኝ። አንደኛዋ «የእናት ጠረን» ብላ እቅፌ ውስጥ ትንሽ ቆየች። ስንወጣ ሒሳቡ ተከፍሎ ነበር፤ ልጆቹ ናቸው የከፈሉት።

ልጄ መጀመሪያ የኖረችበትን ቤት አሳየችኝ። ቤድ ስፔስ ይሉታል፤ የሚከራየው ክፍል አይደለም፣ አልጋ ነው። ስድስት ሴቶች በአንድ ክፍል፣ ባለ ሁለት ደርብ አልጋ ላይ ያድራሉ። ለዚያች የላይኛው አልጋ በወር 800 ድርሃም ትከፍል ነበር። አሁን ከአንዲት ኬንያዊት ጋር አንድ ክፍል ይጋራሉ። ሙሉ ቤት ለመከራየት ብዙዎቹ አከራዮች የዓመቱን ኪራይ በጥቂት ቼኮች ከፋፍለው በቅድሚያ ይቀበላሉ፤ አዲስ ተቀጣሪ ይህን አይችለውም።

ማምሻውን ክሪክ ወደሚሉት የባሕር ወሽመጥ ወረድን። አብራ በምትባል የእንጨት ጀልባ ከዴይራ ወደ ቡር ዱባይ መሻገሪያው አንድ ድርሃም ነው። ዱባይ ከዚህ ውኃ ነው የተነሳችው። ድሮ ሰዎቿ ዕንቁ ከባሕር እያወጡ ይሸጡ ነበር፤ ጃፓኖች ዕንቁ ማርባት ሲጀምሩ ያ ገበያ ወደቀ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር ወሽመጡን ጠርገው ትልልቅ ጀልባዎች እንዲገቡ አደረጉ። ነዳጅ የተገኘው ከዚያ በኋላ በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ተዋሕደው አንድ አገር የሆኑት ደግሞ በ1964 ዓ.ም. ነው። እኔ በሕንዳዊው መምህሬ ፊት ተቀምጬ አልጀብራ ስማር ይህች አገር ገና ሕፃን ነበረች ማለት ነው።

ጀልባዋ መሐል ስትደርስ ልጄ፣ «እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቆጪ» አለች።

ያ የመጀመሪያ ሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር። አብራት የምትሠራ አንዲት ልጅ አራት ወር ሙሉ ቪዛሽ እየተሠራ ነው እየተባለች፣ ደመወዟ በእጅ እየተቆነጠረ እየተሰጣት እንደቆየች ነገረቻት። በቪዚት ቪዛ መሥራት ሕገ ወጥ ነው፤ ተይዘው የሚባረሩ አሉ። ልጄ በአሥረኛው ቀን አልተመለሰችም፤ የዘጠኙ ቀን ክፍያም ቀረ። ለቪዛ የተጠየቀችውን ገንዘብ አለመስጠቷ ነው ያዳናት። ከዚያ በቀረቻት ገንዘብ ቪዛዋን ለ30 ቀን አራዝማ፣ ቀን ሥራ እየፈለገች ማታ ለእኔ «ሥራ ላይ ውዬ ደክሞኝ ነው» ትላለች። በቀን አንድ ጊዜ ትበላ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«በየቀኑ ሥራ አገኘሽ እያልሽ ትጠይቂኛለሽ። አላገኘሁም ማለት ከበደኝ። የዕቁቡን ገንዘብ ሳስብ ደግሞ እንዴት ብዬ ልመለስ?»

የመመለሻ ቲኬቱ በእጇ ነበር። የመመለሻውን መንገድ የዘጋሁባት እኔ ነኝ። ጀልባዋ ማዶ ደርሳ ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ቀዛፊው ሕንዳዊ ይሁን ባንግላዴሻዊ አላውቅም፣ ሽማግሌ ቢጤ ነው፤ ዓይኔን አይቶ ዝም አለን። እንደገና አንድ አንድ ድርሃም ከፍለን በዚያችው ጀልባ ተመለስን።

ውሉ ምን ይላል?

በማግስቱ ውሏን አምጪ አልኳት። መነጽሬን አድርጌ፣ እንደ ፈተና ወረቀት መስመር በመስመር አነበብኩት። የምታውቀውን ሕግ እያስረዳችኝ አብረን ሄድንበት። በ2014 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኤምሬትስ የግል ድርጅቶች የሠራተኛ ሕግ ብዙ ነገር በግልጽ ያስቀምጣል። አሠሪው የቅጥር ወጪን ከሠራተኛው መጠየቅ አይችልም፤ በቀጥታም ሆነ በዘወርዋራ። ፓስፖርት መያዝም አይፈቀድለትም። የሙከራ ጊዜ ከስድስት ወር አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊያሰናብት ከፈለገም 14 ቀን ቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ዓመት የሞላው ሠራተኛ 30 ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ዱባይ ውስጥ የጤና መድን የአሠሪው ግዴታ ነው። ያለ ሥራ ፈቃድ ሰው የሚያሠራም በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ በወጣው ማሻሻያ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል። የቤት ሠራተኞች ግን በዚህ ሕግ አይሸፈኑም፤ የራሳቸው ሌላ ሕግ አላቸው። ስለዚህ ልጁ የሚሄድበት ሥራ በየትኛው ሕግ እንደሚታይ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

የሒሳብ መምህርት ነኝና ዓይኔ ቁጥሩ ላይ አረፈ። ደመወዟ 4,500 ድርሃም ነው። ከዚህ ውስጥ መሠረታዊው 2,700 ነው፤ የተቀረው የቤትና የትራንስፖርት አበል ነው። ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የሚሰጠው የአገልግሎት ክፍያ የሚታሰበው ግን በመሠረታዊው ብቻ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ። 2,700ን ለ30 አካፍዬ በ21 አባዛሁት፤ 1,890 ድርሃም በዓመት። ደመወዙ ሁሉ መሠረታዊ ቢሆን ኖሮ 3,150 ይሆን ነበር። ስለዚህ «ስንት ይከፈልሻል?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ፣ «ከዚያ ውስጥ መሠረታዊው ስንት ነው?» ብሎ መጨመር አለበት። የደመወዝ ግብር የለም፤ ይህ እውነት ነው። የጡረታ አበልም ግን ለውጭ ሰው እንደ እኛ አገር አይጠራቀምለትም። የሚቆጠበው በራስ ብርታት ነው።

ሥራውን በምን እንዳገኘች ስጠይቃት መልሷ ደስ አለኝ። አገራችን የተጨማሪ እሴት ታክስ ከጀመረች ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ሃያ ዓመት ሆኗታል። እነሱ ግን ቫት የጀመሩት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 መግቢያ ነው፤ 5 በመቶ። እሷ ስትፈልግ በነበረበት በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ለሚከፈቱ የሒሳብ ዓመታት 9 በመቶ የኩባንያ ትርፍ ግብር ሊመጣ ነበርና፣ ነጋዴው ሁሉ መዝገቡን የሚያስተካክልለት ሰው ይፈልግ ነበር። ልጄ የባሕረ ሰላጤ ልምድ የላትም፤ በአዲስ አበባ ግን አራት ዓመት ሙሉ የግብር ሠራተኛ ፊት መዝገብ ይዛ ቆማለች። ለአሁኑ አሠሪዋ፣ ዴይራ ውስጥ የምግብ ሸቀጥ ለሚያስመጣ ነጋዴ፣ የነገረችው ይህንኑ ነው። እሱም ደረሰኝ ከምራ ሰጥቷት በሁለት ሰዓት ውስጥ የጎደለውን ለይታ ስታወጣ ቀጠራት። ለሲቪዋ የሚጠቅማት ነገር እዚሁ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ቢሮዋ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ለጎረቤቴ የነገርኳት

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። ከመለያየታችን በፊት ለልጄ አንድ ነገር ነገርኳት። «ያ አልጋሽ እንዳለ ነው። አንሶላውን እየቀየርኩ ነው የምጠብቀው። ሲከፋሽ ወይም ውልሽ ሲያልቅ ነይ። ምን አመጣሽ ብሎ የሚጠይቅሽ ሰው በኛ ቤት የለም።» አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ዓመት ሙሉ ይህን ስትጠብቅ ነበር።

እንግዲህ ዓምና ግንቦት ልደታ ለጎረቤቴ ከደመወዙ በፊት የነገርኳት ይህንን ነው። ልጅሽ የሚሄደው በቪዚት ቪዛ ከሆነ፣ ያ ቪዛ መፈለጊያ እንጂ መሥሪያ አለመሆኑን ሁለታችሁም እወቁ። ዲግሪው ከመሄዱ በፊት እዚህ ይረጋገጥ። የመመለሻ ቲኬቱ ይኑር፤ ለመመለሻው ቀን የተቀመጠ ገንዘብም አይነካ። ስንት ቀን እንደሚፈልግና መቼ እንደሚመለስ ከመሄዱ በፊት ተነጋግራችሁ ቁረጡ። ሥራ አገኘሁ ሲል የቅጥር ደብዳቤውን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፤ እንግሊዝኛው ቢከብድሽ እኔ አነብልሻለሁ። ገንዘብ ክፈል ያለው አሠሪ ካለ በዚያው ይቅር። ዱባይ ያለውን የቆንስላችንን ስልክ ቁጥር አንቺም እሱም ያዙ።

«ማታ ማታ ስትደውዪለት ደግሞ» አልኳት፣ «ሥራ አገኘህ ብለሽ አትጀምሪ። ምን በላህ ብለሽ ጀምሪ።»

ጎረቤቴ ንፍሮዋን ዘግና ዝም አለች። ከዚያ፣ «እኔማ ይሄኔ ዕዳውን ነበር የምቆጥርበት» አለች።

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት፤ እዚያ ከሥራ የምትወጣበት ሰዓት ነው። ካሜራውን ወደ ቄጠማው፣ ወደ ረከቦቱና ወደ ሴቶቹ አዞርኩላት። አንድ በአንድ ሰላም አለቻቸው። እሷም በበኩሏ የያዘችውን ሳህን ወደ ካሜራው ከፍ አደረገችው። ከሕንድ ሱቅ ሽምብራና ስንዴ ገዝታ ንፍሮ ቀቅላለች፤ ከኬንያዊቷ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠው እየበሉ ነበር።

«እማ፣ እኛም ወደ ቤት አናስገባውም» አለችኝ።